የክረምቱ ዕረፍትና የተማሪ ምርጫ

የሰኔ ፈተና ተፈጽሞ የትምህርት ቤታችን ደወል ለዓመቱ የመጨረሻውን ድምፅ ሲያሰማ ከተማሪው ሁሉ አፍ የሚወጣው ቃል «እፎይ፣ ዐረፍን» የሚል ነው። እኔም ይህንኑ ከሚሉት አንዷ ነኝ። ዳሩ ግን ደስታው ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጥያቄ ተከትሎት ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን ሲጨመርባቸው 65 ይሆናሉ። ይህን ያህል ቀን በምን እናሳልፈው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በብዙ ቤት የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ ዘንድሮ የጠብ ምክንያት ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለ ክረምት ትምህርትና ሥልጠና አመራረጥ ያለኝን አሳብ ለመግለጥ ተነሣሁ። ይህን ስል ገና የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መሆኔን ዘንግቼ መካሪ ለመሆን መድፈሬ አይደለም። ካቻምና ክረምት የእናቴን ገንዘብ፣ ዐምና ክረምት ደግሞ የትንንሽ ልጆችን እምነት ያጐደልሁ ስለሆንሁ፣ የደረሰብኝን ብናገር ለሌላው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ሰኔ በገባ ጊዜ የከተማችንን መንገድ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። የመብራት እንጨቱ ሁሉ በማስታወቂያ ይሸፈናል፤ ወላጆቻችን የሚነጋገሩበት የቴሌግራም ቡድንም እንዲሁ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራር አለ፣ ሮቦት መገጣጠም አለ፣ የእንግሊዝኛ ንግግር፣ የአመራር ጥበብ፣ ሥዕል፣ ዋና አለ፤ ከሁሉም በላይ «የሚቀጥለውን ክፍል ትምህርት አስቀድሞ መጨረስ» የሚባለው አለ። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ጥቁር ካባ የለበሰ ልጅ የምስክር ወረቀት ይዞ ሲስቅ ይታይባቸዋል።

ወላጆች ይህን አይተው ቢቸኩሉ አልፈርድባቸውም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የታየው ውጤት ማንንም ያስደነግጣል። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆኑ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ያለፉት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው ማለት ነው። እናት ይህን ቁጥር ሰምታ ለልጇ የክረምት ትምህርት ብትፈልግ ከፍቅር የተነሣ ነው እንጂ ከሞኝነት አይደለም። የሚያሳዝነው በፍርሃትዋ የሚነግዱ ሰዎች መኖራቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስሁበት ዓመት እናቴ የዕቁብ ዕጣ ወጣላት። ገንዘቡ አስቀድሞ የታሰበው ለጣሪያችን ነበር፤ የምንተኛበት ክፍል ቆርቆሮ ዝጎ ስለ ተበሳሳ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ባልዲ እንደቅንበታለን። እናቴ ግን አንድ ማስታወቂያ አይታ አሳብዋን ለወጠች። «ቆርቆሮ ይቆያል፤ የልጅ ዕውቀት ግን ጊዜው ካለፈ አይመለስም» አለች። አባቴም ዝም አለ። በዚህ ዓይነት የስድስት ሳምንት የኮምፒዩተር ሥልጠና ገባሁ። የቦታውን ስም አላነሣም፤ ስሙን ባነሣ አንዱን ብቻ የከሰስሁ ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን የብዙዎች ነው።

በክፍሉ ውስጥ 40 ተማሪዎችና 8 ኮምፒዩተሮች ነበርን። ከስምንቱም ሦስቱ አይሠሩም። አስተማሪያችን ትሑትና ታታሪ ወጣት ነበር፤ እርሱን አልነቅፍም። ምን ያድርግ? ትእዛዛቱን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እኛም በደብተራችን እንገለብጣለን። ኮምፒዩተርን በእርሳስ ተማርን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝና ሰባት ቀን ሙሉ ከቤት ዋልሁ። «የት ጠፋሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በመጨረሻው ቀን ካባ ለበስን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ወርቃማ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ተቀበልን። ወረቀቱ ሥልጠናውን አንድም ቀን ሳላጓድል መከታተሌን ይመሰክራል። ሳነበው ጉንፋኔ ትዝ አለኝ።

በመስከረም ወር አባቴ (ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለው) ከሱቁ የዱቤ ደብተሩን ይዞ መጣ። «እስቲ ልጄ፣ ይህን በኮምፒዩተር አድርጊልኝ፤ ማን ስንት እንዳለበት ቶሎ እንዳገኘው» አለኝ። የአጎቴን ልጅ ኮምፒዩተር ተውሼ ሁለት ማታ ተቀመጥሁበት። ከየት እንደሚጀመር እንኳ አላወቅሁም። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን መለስሁለት። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ተቀብሎ ወደ ባንኮኒው ሥር መለሰው። ምነው በተቆጣኝ ኖሮ! በዚያው ሌሊት ዝናብ ዘነበ፤ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ አደርሁ።

የዐምናው ክረምት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ዕቁብም የለ፣ ገንዘብም የለ። በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተማሪዎች እንደሚፈለጉ የሚገልጥ ወረቀት ተለጠፈ። ሥራው በሠፈራችን ባለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስተኛን ጨርሰው ወደ ስድስተኛ ለሚያልፉ ልጆች ሒሳብ ማስተማር ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጧት፤ 23 ልጆች። የሄድሁት አገር ለማገልገል ቆርጬ ነው ብዬ እንዳልዋሽ እፈራለሁ፤ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ 12ን ለግማሽ ስናካፍለው ለምን 24 ይሆናል? ማካፈል ያሳንሳል ተብለን የለም ወይ?» አለኝ። አፌን ከፈትሁና ዝም አልሁ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገልብጦ ማባዛት ነው። በዐሥረኛ ክፍል ሒሳብ ከመቶ 90 አግኝቻለሁ። ለምን እንደሚገለበጥ ግን በሕይወቴ አስቤው አላውቅም ነበር። «ዓርብ እነግርሃለሁ» ብዬ አመለጥሁ።

ማታ እናቴ ዳቦ ስትቆርስ እያየሁ ነገሩ ተገለጠልኝ። 12 ዳቦ ቢኖርና ለእያንዳንዱ እንግዳ ግማሽ ግማሽ ቢሰጥ ስንት እንግዳ ይበቃዋል? 24። ማካፈል ማለት «በውስጡ ስንት ጊዜ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዓርብ ስድስት ትንንሽ ዳቦ ይዤ ሄድሁ፤ ለግማሽ ስናካፍለው 12 ሆነ፤ ለሩብ ስናካፍለው 24 ሆነ፤ 23 ልጆች ሩብ ሩብ ደርሷቸው ለእኔም አንድ ተረፈኝ። ያን ቀን ከልጆቹ ይልቅ የተማርሁት እኔ ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በደንብ ሽምደዳ ተሸፍኖ የኖረ ቀዳዳ ነበረብኝ፤ ያገኘውም የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። «የሚቀጥለውን ክፍል አስቀድሞ መጨረስ» የሚባለውን ትምህርት የምጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ከሥር ቀዳዳ ባለበት ላይ ሌላ ፎቅ ይጨምራል።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልናገር።

የክፍሉ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። በነሐሴ ወር በቡሄ ማግሥት ጧት፣ ማታውን ከጓደኞቼ ጋር አምሽቼ ስለ ነበር፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ነቅቼ ሳይ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። «በዚህ ዝናብ ደግሞ ማን ይመጣል?» ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ መልሼ ተኛሁ። በሚቀጥለው ትምህርት ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በር ላይ ጠበቀኝ። 17 ልጆች መጥተው በተቆለፈው ክፍል ደጃፍ በጣሪያው ጠርዝ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ቆመዋል። ዘበኛው «ሂዱ» ቢላቸው «ትመጣለች» አሉት። ይህንን ቃል ሲነግረኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ከልጆቹ አንዷ ሁለት ቀን ቀረች። ጠይቄ ቤትዋን አገኘሁና ሄድሁ። እናትዋ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ሴት ናቸው። ልጅቱ ብርድ መትቷት አልጋ ላይ ነበረች። ይቅርታ ስጠይቅ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ልጄ፣ ላትመጪ መሆኑን ብታውቂ ኖሮ በነገርሽን ነበር። እኔ ገበያዬን አዘግይቼ አደረስኋት። ከቤት ብትውል ትንሹን ትይዝልኝ ነበር» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ልጅቱ በሚቀጥለው ሰኞ መጣች፤ ዳሩ ግን ያን ቀን ሙሉ አንድም ቃል አላናገረችኝም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ክረምት ፕሮግራም ሰው ሲያነሣ በአእምሮዬ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ብቀር ማን ያጣኛል?» የሚል ነው። ካባ በለበስሁበት ቦታ ሰባት ቀን ቀርቼ ማንም አላጣኝም። በዚያች ክፍል አንድ ጧት ብቀር 17 ልጅ ዝናብ መታው። ከሁለቱ በየትኛው ሰው ይሆናል የሚማረው? የሚጠብቀው ሰው ያለው ተማሪ ሳያውቅ ሲቀር ያፍራል፤ ሲያፍር ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ ይማራል። የሚጠብቀው የሌለው ተማሪ ግን ባያውቅም ሳያውቅ ይመረቃል።

ለዚህ አንድ ምስክር አለኝ። የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት የልጆቹን ስም፣ የቀሩበትን ቀንና ውጤታቸውን በኮምፒዩተር ሰንጠረዥ አድርገን እንድናስረክብ አዘዘን። ከጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ጐን በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጬ በሦስት ቀን ኤክሴል ለመድኩ። በስድስት ሳምንት ሥልጠና ያልገባኝ በሦስት ቀን የገባኝ አእምሮዬ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ ሰንጠረዡን የሚጠብቅ ሰው ስለ ነበረ ነው። በኅዳር ወር የአባቴን የዱቤ ደብተር አምጥቼ አሠራሁለት። አባቴ ደስ ቢለውም «መብራት በጠፋ ቀን ደብተሩ ይሻላል» ማለቱን አልተወም፤ እውነቱን ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሚዛን ስነግራቸው ጠባብ ነው ይሉኛል። ለምሳሌ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ያነሣሉ። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ በስልክ መስኮት የሚማረውን ሰው ግን ቢቀር ማን ያጣዋል? ጥያቄው ትክክል ነው። መልሴ ግን ይህ ነው፤ ሥልጠናውን ከመጀመራችሁ በፊት የሚጠብቃችሁን ሰው ፈልጉ። በየሠፈራችን ዕድር አለ፤ የዕድሩ ጸሐፊ የአባላቱን መዋጮ በደብተር ይመዘግባሉ፤ ገጹ ሲያልቅ ስሙን ሁሉ እንደገና ይገለብጣሉ። ጋሼን ሄዳችሁ «በነሐሴ መጨረሻ መዝገቡን በኮምፒዩተር አድርጌ እሰጥዎታለሁ» ብላችሁ ቃል ግቡ። ከዚያ በኋላ ያው ነፃ ትምህርት ሌላ ትምህርት ይሆናል።

ችግኝ ተከላም እንዲሁ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ስም ተማሪው ሁሉ ለተከላ ይወጣል፤ እኔም ወጥቻለሁ፤ ፎቶግራፉም አለኝ። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል። የሚፈተነው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ያን ጊዜ ማንኛችንም በዚያ የለንም። እኔ የተከልሁት የት እንዳለ ብጠየቅ ጋራውን እንጂ ጉድጓዱን ማሳየት አልችልም። ስለዚህ «ችግኝ እንተክላለን» የሚል ማኅበር ሲመጣ «በጥር ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

መጽሐፍ ማንበብ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር አለን፤ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለን፤ በዚያ ተቀምጦ ክረምቱን የሚያነብ ልጅ ቢቀር ማንም አያጣውም፤ ሆኖም አልከሰረም። ሚዛኔ ይህን ስለማይመዝን ሚዛኑን እንጂ መጽሐፉን አልነቅፍም።

በዚህ አጋጣሚ ለመምህራኖቻችን አንድ አቤቱታ አለኝ። በየመስከረሙ «ክረምቱን በምን አሳለፋችሁ?» ተብለን እንጠየቃለን። ሥልጠና የገባው ይናገራል፤ ወደ ሌላ ከተማ የተጓዘው ይናገራል። ከጓደኞቻችን መካከል ሱቅ የጠበቁ፣ በግንባታ ላይ ድንጋይ ያቀበሉ፣ የታመመች እናት ያስታመሙ አሉ፤ እነርሱ «ምንም አልሠራሁም» ብለው ይቀመጣሉ። ባለፈው መስከረም አንድ የክፍላችን ልጅ እንዲህ ብሎ ተቀመጠ። በኋላ ስጠይቀው ነሐሴን ሙሉ በገጠር ከአያቱ ጋር የጤፍ አረም ሲያርም ከርሟል። አያቱ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ጐንበስ ማለት አይችሉም፤ እርሱ ባይሄድ ማሳው በአረም ይዋጥ ነበር። ከሁላችንም ይልቅ ቢቀር የሚታጣው እርሱ ነበር፤ «ምንም» ያለውም እርሱ ነው።

የተማሪ ክረምት ለሌላው ሰው መዋል የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀድሞውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ ያስተምር ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ደግሞ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር አያቴ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ በሠፈርዋ ጐልማሶችን ፊደል አስቆጥራለች። ዘመቻው በኋላ በ15 ቋንቋዎች እስከ መካሄድ ደርሷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። አያቴ ግን ስለ ሽልማቱ አታወራም። የምታወራው ደመወዙን በጣት አሻራ ይቀበል ስለ ነበረ አንድ ዘበኛ ነው። በጥቅምት ወር ስሙን ጽፎ ደመወዙን የተቀበለ ዕለት ቤትዋ ድረስ መጥቶ ቀለም ያልነካው አውራ ጣቱን አሳያት። «መርጬ አልነበረም፤ ታዝዤ ነው» ትላለች አያቴ፤ በዚያ ዘመን ትእዛዝ ምን እንደ ነበረ ስለምታውቅ በትእዛዝ እንድንሄድ አትመኝልንም። እኔም አልመኝም። ዳሩ ግን እነርሱ ታዝዘው ያገኙትን እኛ መርጠን ማግኘት እንችላለን።

ስለ ውጭ አገር ፕሮግራሞችም ጥቂት ልበል። ዘንድሮ ለብዙዎቻችን «ተመርጠሃል፣ ተመርጠሻል» የሚል መልእክት በስልካችን ደርሶናል። ሳናመለክት መመረጣችን ራሱ ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር። ከመልእክቱ ግርጌ ክፍያው በዶላር ተጽፏል። የሚያኰራው የውጭ አገር ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አካሄዱ ሌላ ነው። በአሜሪካ አገር በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና የምርምር ሳይንስ ኢንስቲትዩት የሚባለው የክረምት ፕሮግራም (እነርሱ ዘንድ ወቅቱ በጋ ነው) የተመረጡትን ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አያስከፍላቸውም፤ ይልቁንም የራሳቸውን ምርምር ሠርተው፣ ጽፈው፣ በሰው ፊት ቆመው እንዲያስረዱ ያስገድዳቸዋል። እርሱ የሚጠይቀው ሥራ ነው፤ ያኛው የሚጠይቀው ዶላር ነው።

አንድ መምህሬ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አንብበው «ሁሉ ተማሪ አስተማሪ መሆን አይችልም፤ የተዳከመው ልጅ የማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልገዋል» ብለውኛል። እውነት ብለዋል። እኔም የማጠናከሪያ ትምህርትን አልጠላም፤ በእኔም ላይ ቀዳዳ መገኘቱን ተናግሬአለሁ። የምለው ወላጅ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አስተማሪው የልጁን የፈተና ወረቀት ለማየት ይጠይቅ እንደ ሆነ ያጣራ ነው። የልጁን ስሕተት ሳያይ የሚያስተምር ሰው ለ50 ልጅ አንድ ዓይነት መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ነው። ለነጻ ትምህርት ዕድል ለማመልከት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል የሚሉኝም አሉ። ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ለማመልከቻ የሚጻፈው ድርሰት «ምን ሠራህ?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ ከካባዬ ይልቅ ስለ ስድስቱ ዳቦ ብዙ የምጽፈው አለኝ።

አሁን በቤታችን ስላለው ነገር ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ስምንተኛ ክፍልን እየጨረሰ ነው። የእናቴ ዕቁብ በግንቦት ወር እንደገና ወጣ፤ ማስታወቂያውም እንደገና ወጣ። እናቴ ልታስመዘግበው ስትነሣ እኔ «ጣሪያውስ?» አልሁ። «አንቺ ተምረሽ እርሱን ልትከለክይው ነው?» አለችኝ። ይህ ቃል በጣም ከበደኝ፤ ሁለት ቀን ያህል ሳንነጋገር ቆየን። የካቻምናውን እውነት ነግሬያት አላውቅም ነበርና፤ የምስክር ወረቀቴ እስከ ዛሬ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሦስተኛው ቀን ማታ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ሦስቱ የማይሠሩ ኮምፒዩተሮች፣ ስለ ጉንፋኔም ሁሉንም ነገርኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ወረቀቱን ታየው ነበር። ከዚያ «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

በነጋው ከወንድሜ ጋር ሆነን ሥልጠናው ወደሚሰጥበት ቦታ ሄድን። ካቻምና የገባሁበት አይደለም፤ ሌላ ነው። «ያለፈው ዓመት ተማሪዎች የሠሩትን ሥራ ልታሳዩን ትችላላችሁ?» ብለን በትሕትና ጠየቅን። መዝጋቢዋ የምረቃ ፎቶግራፎች አሳየችን። «ልጁ ቢቀር ምን ይደረጋል?» ብለን ጠየቅን። «ምንም ችግር የለውም፤ አንቆጣጠርም» አለችን፤ የሚያስደስተን መስሏት ነው። ካባውና ፎቶግራፉ በክፍያው ውስጥ መሆኑንም ነገረችን። ወንድሜ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ «እኔ የምፈልገው መሥራት ነው» አለ። ምን መሥራት እንደሚፈልግ አልተናገረም፤ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነውና እርሱም አያውቀው ይሆናል።

ትናንት አናጢው መጥቶ ጣሪያችንን ለካ። እናቴ ራስዋ ነች ያስጠራችው። 14 ቆርቆሮ ይበቃል አለ፤ አሮጌው የሚነሣውም የወንድሜ ፈተና ባለቀ ማግሥት ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ እስኪመታ ድረስ ቤታችን ለሰማይ ክፍት ይሆናል ማለት ነው። ወንድሜ ምስማርና ቆርቆሮ አቀባይ ሆኖ ለመሥራት ከአናጢው ጋር ተነጋግሮ ተስማምቷል። ጋሼ አናጢውም ሲሄዱ ከበሩ ላይ ዘወር ብለው «ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ካልደረስህልኝ ሌላ ልጅ አመጣለሁ» አሉት።